አበባ አበባ የሚሸተው ወይን

የእውነት ስሟ ያለው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ከበረኛው እስከ ኩሽናው «እንፋሎት» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለው ላውንደሪ ከካውያና ከፍል ውሃ ጋር ስትታገል ኖራለች፤ ስሙም የወጣላት ለዚያ ነው ይባላል። ባሏ ግን በዚህ አይስማማም። «በሥራዋ ሳይሆን በጠባይዋ ነው» ይላል። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሞተር ሲፈላና ሲበርድ መለየት ያውቃል፤ በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ በሚሰማው ድምፅ ብቻ የዕለቱን ሙቀት ይነግራችኋል።

ታዲያ አንድ ቀን ባለሆቴሏ ራሷ ምድር ቤት ወረደች። ሴትየዋ ሆቴሉን ከአባቷ ከወረሰች ወዲህ ያንን ደረጃ የረገጠችው ስንቴ እንደሆነ በጣት ይቆጠራል፤ ስለዚህ እንፋሎት ገና ጫማዋን ስታይ ነገሩ ገባት። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የሆቴሉ ልብስ ውጭ ሊታጠብ ነው። ማሽኖቹ ይነሳሉ፣ ክፍሉ ዕቃ ቤት ይሆናል። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ሴቶች ሌላ ቦታ አግኝተዋል። ለእሷ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላይ፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ፣ ለእንግዳ ወይን የሚቀዳ አንድ ሰው ይፈለጋል። ሦስት ሳምንት ትምህርት፣ ከዚያ ፈተና። ያለፈ ይገባል።

«ወይን ታውቂያለሽ?» አለቻት ባለሆቴሏ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አጥቤዋለሁ» አለች እንፋሎት።

ውሸቷን አይደለም። የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተጣሉ፣ የትኛው ላይ እንደታረቁ፣ ማን ልጅ ይዞ እንደመጣ ከጠረጴዛው ልብስ ታነባለች። ሰዎቹን ግን አንድ ቀን እንኳ አይታቸው አታውቅም። ላይ ትልቅ መስኮት አለ፣ መንገዱ ይታያል፣ ሰው ሲስቅ ይሰማል፤ ይህን ሁሉ የምታውቀው በወሬ ነው። አሁን እዚያ መድረስ አማራት። ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ አማራት። ፈተናውን ከወደቀች ቤት መዋሏ ነው፤ እሷን ቤት ማዋል ደግሞ ለማንም አይበጅም፣ ባሏም ይህንኑ በግልጽ ነግሯታል። «እኔ አውቶቡስ ውስጥ አድራለሁ» ነው ያለው።

የተመዘገቡት ሦስት ናቸው። እሷ አለች። አትክልተኛው አለ፣ ወይን በነጻ ይቀመሳል ሲባል ሰምቶ የመጣ። የሊፍቱ ሰውዬም አለ፤ እሱ ሊፍቱ ራሱን ችሎ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ሥራው ሰላምታ መስጠት ብቻ ሆኖበት ግራ የገባው ሰው ነው። አስተማሪያቸው ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከባለሆቴሏ አባት ጊዜ ጀምሮ የወይኑ ኃላፊ ሆነው የኖሩ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ክራቫታቸው እንደ ቢራቢሮ አንገታቸው ላይ የተቀመጠች፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል።

የመጀመሪያው ቀን እንፋሎት እንድትቀዳ ታዘዘችና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው።

«ምነው?» አሉ ጋሼ።

«ጎደሎ አቅርቤ ሰው ይታዘበኝ?»

ጋሼ አልሳቁባትም። ግማሹን ወደ ሌላ ብርጭቆ ገለበጡና «ባዶው ቦታ የሽታው ነው» አሏት። «ወይኑ ከታች ይቀመጣል፣ ሽታው ከላይ። ቦታውን ከሞላሽበት የት ይሂድ?» ብርጭቆውን ከሆዱ ሳይሆን ከቀጭኑ እግሩ እንዲይዙት፣ የእጅ ሙቀት ወይኑን እንደሚያበላሽ ነገሯቸው፤ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ማሽተት፣ ከዚያ ትንሽ ተጎንጭቶ አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ ከዚያ መትፋት። መትፋት ሲባል የሊፍቱ ሰውዬ ፊቱን አዞረ። ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ብሎ የተሰጠውን ሁሉ ዋጠ፣ የዚያን ቀን ትምህርትም ለእሱ ከሌሎቹ ቀድሞ አለቀ።

ከዚያ ጋሼ አንድ ቀይ የወይን ፍሬ አንስተው ጨመቁት። የወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። እንፋሎት አፏን ከፈተች። ለካ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ብዙ ከቆየ ቀይ ይሆናል፣ ወዲያው ከተለየ ነጭ፣ ትንሽ ብቻ ከቆየ ሮዝ።

«ቀይ ካልሲ ከነጭ አንሶላ ጋር ማሽን ውስጥ ሲገባ ማለት ነው» አለች።

ጋሼ ፍሬውን አስቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት አስተምሬ እንዲህ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም» አሉና ሰሌዳው ላይ ካልሲ ሣሉ። እንፋሎት የዚያን ቀን ደረጃውን ስትወርድ እግሯ መሬት አልነካም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ገባት። ምላስና ድድ የሚያደርቀው የወፍራም ሻይ ነገር፣ ከልጣጩና ከውስጡ ዘር የሚመጣ ነው። አፍ ውስጥ ምራቅ የሚያስመጣው የሎሚ ነገር ደግሞ ኮምጣጣነቱ ነው፤ እሱ ከሌለ ወይኑ ሞቶ ይቀርባል። አንዱ ወይን አፍ ላይ እንደ ውሃ ይቀላል፣ ሌላው እንደ ወተት ይከብዳል፤ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይከተላል። «ከጠየቁሽ የሚሰማሽን ተናገሪ» ይሏታል ጋሼ፤ «ብቻ ቃል ፈልጊለት። ቃል ያላገኘ ሽታ ወዲያው ነው የሚጠፋው።»

እሷም ውለታ መመለስ ፈለገች። እንዲህ ያለ ትምህርት በተራ ጨርቅ በተወለወለ ብርጭቆ አይሆንም ብላ፣ የክፍሉን መወልወያ ጨርቆች ሰብስባ ምድር ቤት ወሰደቻቸው። ሦስት ጊዜ አጠበቻቸው። መጨረሻ ላይ ለክቡር እንግዳ ፎጣ ብቻ የሚወጣውን ባለ ሽታ ማለስለሻ አፈሰሰችባቸው፣ አፈሰሰችባቸው ነው የምላችሁ። ተኮሰቻቸው፣ ጥግ ከጥግ ገጥማ አጠፈቻቸው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ባለ ቁጥር ቀድማ እየመጣች እያንዳንዱን ብርጭቆ በእነዚያ ጨርቆች ውስጥ ውስጡን ትወለውል ነበር። ጋሼ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ እሷም ደስ ይላታል።

በሁለተኛው ሳምንት የቤቱ ነጭ ወይን፣ ሆቴሉ ዘወትር የሚያቀርበው፣ ቀረበ። አትክልተኛው አፍንጫውን ነክሮ ትንሽ ቆየና «አበባ» አለ።

«ምን አበባ?»

«ሐምራዊው። ከአጥሩ ጥግ ያለው።»

እንግዲህ የአበባ ነገር ከአትክልተኛ ወዲያ ማን ያውቃል? የሊፍቱ ሰውዬ አሸተተና «እውነትም» አለ። እንፋሎት አሸተተች፤ አበባ ነው፣ ያውም ጥርት ያለ። ሦስቱም ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «አበባ።» ሰሌዳው ላይም ጻፉት።

በነጋታው ቀዩ ቀረበ፤ አበባ። ከባዱ ቀረበ፤ አበባ። አትክልተኛው ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። ወሬው ባለሆቴሏ ዘንድ ደረሰ፤ እሷም ደስ ብሏት «የቤታችን ነጭ ወይን፣ አበባ አበባ የሚሸት» ብላ ካርድ አሳተመችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። እንግዶቹም ካርዱን ያነባሉ፣ ያሸታሉ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ እንዲያውም እናቴን አስታወሰኝ አለ። ሰው እኮ ይገርማል፣ ተጽፎ ያየውን ሳይሸተው አይቀርም።

ቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ባሏ በሥራ ክራቫቱ ዓይኗን ያስርና ስኒ ይደረድርላታል፤ የሎሚ ልጣጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ የጫማ ቀለም። አንድ ቀን የገዛ ካልሲውን አቀረበላት። «ይህስ?»

«ይሄ የቆየ ነው» አለች፣ «በጊዜው መጣል ነበረበት።» ሁለቱም ወንበር ይዘው ሳቁ።

የፈተናው ዋዜማ፣ ጋሼ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ጠርሙስ የቤቱን ነጭ ወይን ሰጥተው «ቤት ተለማመዱ» አሏቸው። እንፋሎት ከሥራ እንደገባች የቤቷን ብርጭቆ አወጣች፣ ቀዳች፣ አዞረች፣ አሸተተች። አበባ የለም። እንደገና አሸተተች፤ የለም።

«አፍንጫዬ ሞተ» አለች፣ «በቃ፣ ነገ ጉድ ሆንኩ።»

ባሏ ወስዶ አሸተተ። «ሎሚ ይላል። ያልበሰለ ፖም ይላል። አበባ ግን አላየሁም።»

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አለችና ልቅሶው መጣ። እንፋሎት ስታለቅስ ታየች ብላችሁ ብትነግሩት ሆቴሉ አያምናችሁም። ባሏ ግን ያውቃታል፤ ከቦርሳዋ ለነገ ልትተኩሰው ያመጣችውን የብርጭቆ ጨርቅ መዘዘና ፊቷን ሊጠርግላት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋው። እጇ እጁን ያዘ። ባሏም ጨርቁን ወደ ራሱ ወስዶ አሸተተው።

«ይኸው አበባሽ» አላት።

መጀመሪያ ሳቀች። እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ደረቀባት። ካርዱ ታትሟል። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። የፈተናው መልስ በጋሼ እጅ ተጽፎ ባለሆቴሏ ጋ ገብቷል፤ መልሱም አበባ ነው። እና ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሲቀምሱ የኖሩት ሰውዬ፣ ሳሙናን ከወይን እንዴት አልለዩም? ይህ ከሁሉም በላይ አስጨነቃት።

ጠዋት ገና አዳራሹ ሳይከፈት ጋሼን ወይን ማከማቻው ውስጥ አገኘቻቸው። ጨርቁን ዘርግታ ነገሩን ሁሉ ተናገረች። ጋሼ ጨርቁን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። ያኔ ገባት።

«አይሸተኝም» አሉ ጋሼ። «ባለፈው ዓመት የያዘኝ ጉንፋን ሲሄድ ይዞት ሄደ። ይመለሳል አሉኝ፣ አልተመለሰም። ጠርሙሶቹን በቃል ስለማውቃቸው እስካሁን ማንም አልነቃብኝም። እናንተ ሦስታችሁም አበባ ስትሉ እኔ ምን ልበል?»

እንፋሎት የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ» አሏት። «ዛሬ አበባ ካልሽ ታልፊያለሽ። አትክልተኛው አበባውን ይላል፣ ሌላው ላይ ግን ደካማ ነው። የሊፍቱን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። ቦታው ያንቺ ነው። በይውና እለፊ፤ ካርዱን በኋላ ቀስ ብለን እናስነሳለን።»

«ብልስ፣ እርስዎ?»

«እኔ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። በቃል እጨርሳታለሁ።»

በጣም ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችውም፤ በጉንፋኑ ይሁን፣ በማለስለሻው፣ ወይስ እኚህ ሰው ዓመት ሙሉ ይህን ብቻቸውን ተሸክመው በመዞራቸው። «የሚሰማሽን ተናገሪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብላ ደረጃውን ወጣች።

ፈተናው አዳራሹ ውስጥ ነው፣ በመስኮቱ አጠገብ። ባለሆቴሏ ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች፣ ጋሼ ከጎኗ ቆመዋል። የሊፍቱ ሰውዬ ጠርሙሱን ሲከፍት ቡሹን ውስጥ ገፍቶ ከተተው። አትክልተኛው በደንብ ቀዳ፣ «አበባ» አለ፣ ሌላ ሲጠየቅ ግን የሚለው አጣና እንደገና «አበባ» አለ። ተራው የእሷ ሆነ። ጠርሙሱን አሳየች፣ ቡሹን ያለ ድምፅ አወጣች፣ መጀመሪያ ለባለሆቴሏ ለቅምሻ ጠብ አደረገችላት፣ ከዚያ ሲሶ ቀዳች።

«ምን ይሸትሻል?» አለች ባለሆቴሏ፣ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ዝግጁ ሆኖ።

«ብርጭቆው አበባ ይሸተኛል፣ እትዬ። ወይኑ ግን አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

እንፋሎት ሁሉንም ተናገረች፤ ጨርቁን፣ ማለስለሻውን፣ ውስጥ ውስጡን መወልወሏን። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አትክልተኛውም አልዋሸም፣ አበባው አበባ ነበር።» ከዚያ አንድ ብርጭቆ በሙቅ ውሃ ብቻ አለቀለቀች፣ ገልብጣ አንጠፈጠፈች፣ እስኪደርቅ ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ቀዳችበት። «የሎሚ ልጣጭ» አለች አሽትታ። «ያልበሰለ ፖም። ዝናብ የነካው ድንጋይ።»

ባለሆቴሏ ሁለቱንም ብርጭቆ አሸተተች። አንዱን አስቀምጣ ሌላውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጎኗ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይህን እንዴት ሳያውቁ ቀሩ?»

እንፋሎት ቀድማቸው መለሰች። «ያውቁ ነበር፣ እትዬ። ማናችን እንደምንደርስበት ለማየት ነው ዝም ያሉት። ፈተናው እሱ ነበር።»

መቼም ውሸት ሲባል እንዲህ ያለ ጥሩ ውሸት አይገኝም። ባለሆቴሏ ፊቷ ሊፈታ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ግን ክራቫታቸውን አስተካከሉና «አይደለም» አሉ። «እኔ ዓመት ሆነኝ ምንም አይሸተኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልጄ? አባትሽ ለአፍንጫዬ ነበር የቀጠረኝ።»

እንፋሎት ይህን ስትሰማ የደንቡን ነገር ሁሉ ረሳችው። «እትዬ፣ ቦታውን ለፈለጉት ይስጡት፣ ግን ይስሙኝ። አፍንጫማ እኔም ነበረኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ይዤው ኖርኩ፣ ምን አደረገልኝ? አሁን የሎሚ ልጣጭ፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ያልኩት እሳቸው ቃል ፈልጊ ስላሉኝ ነው። እሳቸውን ካስወጡ እኔም የማሸተውን ምን ብዬ እንደምጠራው የሚነግረኝ የለም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው ይወጣናል፤ ለየብቻ ግን የትም አንደርስም።»

ተናግራ ስትጨርስ ምን እንዳደረገች ገባት። የራሷን ቦታ በገዛ አፏ አሳልፋ ሰጥታለች። ዞር ብላ መስኮቱን አየች፤ መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን እየዘጋች ነው። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብላ በደንብ አየችው።

ባለሆቴሏ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርድ አንስታ ለሁለት ቀደደችው። «ነገ በምሳ ሰዓት ሁለታችሁም እዚህ እንድትገኙ» አለች። «ደግሞ አንቺ፣ ሌላ ጨርቅ እንዳታጥቢ።» ከዚያ ሳቅ አመለጣት፣ ቢሮዋ እስክትደርስም አላቆመችም። አትክልተኛው ወደ ጓሮው ሲመለስ በረኛው እንዴት ሆነ ቢለው «በሳሙና ተረታሁ» አለው።

በነጋታው ምሳ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንፋሎት ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር ጠጋ ብላ ታሸታለች፣ ለጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የቆዳ ቀበቶ» ትላለች፤ ጋሼ ደግሞ ወደ እንግዳው ዘንበል ብለው ያንኑ አሳምረው ይናገሩታል፣ የየትኛው ኮረብታ ወይን እንደሆነ፣ የዚያ ዓመት ዝናብ እንዴት እንደነበረ ይጨምሩበታል። ከአንዱ ጠርሙስ ላይ አፍንጫዋን ሰብስባ «ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ» ስትላቸው ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ ጠርሙሱን መልሰው ሌላ አመጡ። እሷም በመሃሉ ሰዎቹን ታያለች። አንድ ሽማግሌ ሸሚዙ ላይ ቀይ ወይን ሲያፈስ እጇ ሊዘረጋ ምንም አልቀረው፣ ግን ያዘችው፤ ያ ሌላ ሰው ያጥበዋል።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሼ ከማከማቻው አቧራ የጠጣ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ሥራ በጀመሩበት ዓመት የተሠራ ቀይ ወይን ነው፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ቡሹን ራሳቸው አወጡ፣ ራሳቸው ቀዱ፣ ብርጭቆውን በመስኮቱ አጠገብ ለተቀመጠችው እንፋሎት ሰጧት።

«ይህን በጣም እወደው ነበር» አሉ። «ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ። ግን ከሰው አፍ ልስማው።»

እንፋሎት አዞረችው። አልቸኮለችም። «መጀመሪያ የደረቀ ፍሬ» አለች፣ «ጥቁር፣ ስኳሩ ላዩ ላይ የወጣ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እ።»

«ከዚያ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ የእንጨት ሣጥን። ሲከፈት የሚወጣው ነገር አለ አይደል?»

«አዎ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር። «አዎ፣ እሱ ነው። እሱ ነው። ከዚያስ?»

እንፋሎት አፍንጫዋን መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ከተተችና ያገኘችውን አንድ በአንድ ትነግራቸው ጀመር።